ያለ ደመወዝ የተሰጠ አደራ፦ ስለ አካባቢ በጎ አድራጎት ፋውንዴሽን የቦርድ አባላት



ከቁምስናዎቻችን ምእመናን መካከል በአካባቢያቸው በሚገኙ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በቦርድ አባልነት የሚመረጡ ጥቂቶች አይደሉም። አንዱ የትውልድ ቀዬው ተወላጆች ባቋቋሙት ፋውንዴሽን፣ ሌላዋ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን በሚያስተምር ድርጅት፣ ሌላው ደግሞ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን በሚረዳ ተቋም ያገለግላሉ። ምርጫው ብዙ ጊዜ የሚካሄደው በጭብጨባ ነው። ተመራጩም እንቢ ማለት ነውር ስለሚመስለው አመስግኖ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ግን የተቀበለው ነገር ምን እንደ ሆነ የሚነግረው ሰው ሳያገኝ ዓመቱ ያልፋል። በዚህ ጽሑፍ ለማየት የምንሞክረው ይህ ያለ ደመወዝ የተሰጠ አደራ ምን ዓይነት አደራ እንደ ሆነ ነው።

ስለ ስያሜው አንድ ቃል እንበል። «ፋውንዴሽን» የሚለው መጠሪያ በአገራችን ለልዩ ልዩ ድርጅቶች ይሰጣል። እኛ እዚህ የምንናገረው የአንድ አካባቢ ሕዝብ ያዋጣውን፣ ወይም ሰዎች በስጦታና በኑዛዜ የተዉትን ገንዘብና ንብረት ተረክቦ ለዚያው አካባቢ ችግረኞች ጥቅም ስለሚያውል ድርጅት ነው። ሥራውን የሚያካሂዱት ተቀጥረው ሊሆን ይችላል፤ የሚመሩት የቦርድ አባላት ግን በፈቃደኝነት የሚያገለግሉ የአካባቢው ሰዎች ናቸው።

ዕድር የሚያስተምረንና የማያስተምረን

የቦርድን ሥራ ለማስረዳት ከዕድር የቀረበ ምሳሌ አናገኝም። የዕድሩ ዳኛ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ጊዜያቸውን የሚሰጡት እንደ ደመወዝተኛ ሳይሆን እንደ ጎረቤት ነው። የድንኳኑ፣ የአግዳሚ ወንበሩና የድስቱ ቁጥር በመዝገብ ሰፍሯል፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ሂሳቡ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ይነበባል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ሳይቀሩ የዕድራቸውን ደንብ በቃላቸው ያውቁታል። ስለሆነም የአገራችን ሰው የጋራ ገንዘብ ማስተዳደርን ከሩቅ አገር ሊማር ይገባዋል የሚለውን አነጋገር አንቀበለውም።

ይሁን እንጂ ዕድርን ጠብቆ የሚያኖረው ደንቡ ብቻ አይደለም። በዕድር የሚከፍለውና የሚቀበለው አንድ ሰው ነው። ሐዘን የደረሰበት አባል ድንኳኑ በሰዓቱ ካልተተከለለት ወይም የሚገባው ገንዘብ ካልተሰጠው ነገሩን አያድርም፤ መዋጮውን ሳያቋርጥ ስለ ከፈለ መብቱን ያውቃል፤ ዳኛውንም ደፍሮ ይጠይቃል። ከእርሱ ጋር ለቀስተኛው ሁሉ ይመሰክራል።

በፋውንዴሽን ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሰጪው ሩቅ ነው። ምናልባት በዋሺንግተን ወይም በሮም የሚኖር የአካባቢው ተወላጅ ነው፤ ምናልባትም ተናዝዞ ያለፈ ሰው ነው። ተቀባዩ ደግሞ ድኻ ነው። አሥራ ሁለት ደብተር የታሰበለት ልጅ ስድስት ቢሰጠው አመስግኖና እጅ ነሥቶ ይሄዳል፤ አሥራ ሁለት እንደ ታሰበለት በምን ያውቃል? ቢያውቅስ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከመዝገብ እንዳይሰረዝ እየፈራ ለማን አቤት ይላል? እንግዲህ ማየት በማይችለው ሰጪና መጠየቅ በማይችለው ተቀባይ መካከል ቆሞ ስለ ሁለቱም የሚጠይቅ ከቦርዱ በቀር ማንም የለም። በዕድር ሐዘንተኛው ራሱ የሚሠራውን ቁጥጥር በፋውንዴሽን የሚሠራው ቦርዱ ነው። ቦርዱ ከተኛ የሚቀሰቅሰው የለም።

የክሊቭላንዱ ጅምር

በአሁኑ ጊዜ በብዙ አገሮች የሚታወቀው የአካባቢ ሕዝብ ፋውንዴሽን የተጀመረው በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ በክሊቭላንድ ከተማ በጥር ወር 1914 እ.ኤ.አ. ነው። አሳቡን ያመነጨው ፍሬደሪክ ጎፍ የሚባል የሕግ ባለሙያና የአንድ ባንክ ፕሬዚዳንት ነበር። ጎፍን ያስጨነቀው የሟቾች ኑዛዜ ነበር። አንድ ሰው ሀብቱን ለአንድ ለተወሰነ በጎ ዓላማ ተናዝዞ ይሞታል፤ ዘመን ሲለወጥ ዓላማው ያረጃል፤ ሟቹ ደግሞ አሳቡን ለመለወጥ ከመቃብር አይነሣም።

ለዚህ የሚጠቀሰው የታወቀ ምሳሌ የሴንት ሉዊስ ከተማ ከንቲባ የነበረው የብራያን መላንፊ ኑዛዜ ነው። መላንፊ በ1851 እ.ኤ.አ. ሲሞት የንብረቱን ሲሶ፣ ወደ ምዕራብ ሄደው ለመስፈር በከተማይቱ በኩል ለሚያልፉ ድኻ ስደተኞችና መንገደኞች መርጃ እንዲሆን ተወ። በጊዜው እጅግ የሚያስፈልግ ምጽዋት ነበር፤ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በጋሪ ጭነው በዚያች ከተማ ያልፉ ነበርና። ከዚያ በኋላ ግን የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ የጋሪ መንገደኞችም ቀሩ። ገንዘቡ ለሌላ ችግረኛ እንዳይውል በኑዛዜው ቃል ታስሮ ቆየ፤ በመጨረሻም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ቤንጃሚን ፍራንክሊንም በ1790 እ.ኤ.አ. ሲሞት ለቦስተንና ለፊላደልፊያ ከተሞች ለእያንዳንዳቸው 1,000 ፓውንድ ትቶ ነበር። ገንዘቡ ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች ለሆነ፣ ሙያቸውን በጌታ ሥር ተምረው ለጨረሱ ባለትዳር ወጣት የእጅ ባለሙያዎች እንዲበደር አዘዘ። በጌታ ሥር ሙያ የመማር ልማድ እየቀረ ሲሄድ ደንቡን አሟልቶ የሚበደር ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ሁለቱም ሰዎች ቅን ነበሩ፤ የጎደላቸው ከእነርሱ በኋላ የሚፈርድ ሕያው ሰው ነበር።

ጎፍ ያመጣው መፍትሔ ይህን የሚፈርድ ሰው በሥርዓት ማስቀመጥ ነው። ባንኩ ከብዙ ሰዎች የተሰጠውን ገንዘብ በአንድ ላይ ይጠብቃል፤ ያሠራል። ፍሬው ለማን ይሰጥ የሚለውን ግን አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ይወስናል። ከአምስቱ ሁለቱን ባንኩ ይሰይማል፤ ሦስቱን ከንቲባውና ሁለት ዳኞች ይሰይማሉ። በዚህ አኳኋን ገንዘቡን የሚይዘው ወገን በኮሚቴው ውስጥ የበላይ ድምፅ እንዳይኖረው ሆነ። ሰጪው የመረጠው ዓላማ ጊዜ ያለፈበት ሲሆንም ኮሚቴው ገንዘቡን ወደ ሌላ ተገቢ ዓላማ የማዞር ሥልጣን ተሰጠው።

ስለ አባላቱ የተጻፈው ድንጋጌም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። አባላቱ የከተማይቱ ነዋሪ የሆኑ ወንዶች ወይም ሴቶች፣ የሕዝቡን የትምህርት፣ የጤናና የግብረ ገብ ችግር የሚያውቁ እንዲሆኑ፤ ከአንድ የሃይማኖት ክፍል ከሁለት የበለጡ አባላት እንዳይኖሩ፤ የፖለቲካ ሥልጣን የያዘ ወይም ለመያዝ የሚወዳደር ሰው እንዳይመረጥ ይላል። ክሊቭላንድ በዚያን ጊዜ ከብዙ አገሮች የመጡ ሠራተኞች የሚኖሩባት ከተማ ስለ ነበረች፣ አንዱ ወገን ገንዘቡን ለራሱ ሰዎች ብቻ ያደርገዋል የሚለው ስጋት ተራ ስጋት አልነበረም። እኛም በየከተሞቻችን ይህን ስጋት እናውቀዋለን። ደንቡ የሰውን ቅንነት አልተጠራጠረም፤ ቅንነትን ብቻ መተማመኛ አላደረገም እንጂ።

አንድ ነገር እንጨምር። ኮሚቴው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ነው የሚባል የሚያከፋፍለው ገንዘብ አልነበረውም፤ ተናዛዦቹ ገና በሕይወት ነበሩ። ፋውንዴሽኑ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ከተማይቱን ማጥናት ጀመረ። በ1915 እና በ1916 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን ሁኔታ አስጠና፤ በ1922 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ ከተማይቱ የወንጀል ፍትሕ አሠራር ሰፊ ጥናት ታተመ። ገንዘብ ስላልመጣ ለስብሰባ አጀንዳ የለንም የሚሉ ቦርዶች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው፤ በአካባቢያችን ስንት ልጆች ከትምህርት ገበታ እንደ ቀሩ ለማወቅ እግርና ደብተር እንጂ ብዙ ብር አያስፈልግም። የክሊቭላንዱ አሠራር ከዚያ ወዲህ ብዙ ተስፋፍቷል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በተደረገ ቆጠራ መሠረት በዓለም ላይ ከ1,800 በላይ እንዲህ ያሉ ፋውንዴሽኖች ነበሩ። በጎረቤታችን በኬንያም የማኅበረሰብ ልማት ፋውንዴሽን በ1997 እ.ኤ.አ. ተመሥርቷል።

ያልተሰበሰቡት ኮሚቴዎች

መልካም ደንብ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ በደንቡ መሥራት ሌላ ነው። ይህን ለማየት በዋሺንግተን ከተማ የሚገኘውን የሲብሊ ሆስፒታልን ጉዳይ እንመልከት። ሆስፒታሉ ከሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የበጎ አድራጎት ሥራ የተወለደ፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ተቋም ነበር። የቦርዱ አባላት በከተማይቱ የተከበሩ፣ አንዳንዶቹም በባንክ ሥራ የታወቁ ሰዎች ነበሩ። በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ሆስፒታሉ የፋይናንስ ኮሚቴና የኢንቨስትመንት ኮሚቴ ነበረው። ነገር ግን ሁለቱም ኮሚቴዎች ከአሥር ዓመት በላይ አንድም ጊዜ ሳይሰበሰቡ እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ቆዩ። የገንዘቡን ጉዳይ በተግባር ይመሩት የነበሩት ሁለት ሰዎች ሲሆኑ፣ ከሁለቱ አንደኛው ከሞተ በኋላ ገንዘብ ያዡ ብቻውን ቀረ። ሌሎቹ የሚያቀርብላቸውን እየሰሙ ያጸድቁ ነበር።

ታካሚዎች ክስ ሲያቀርቡ የተገለጠው ነገር የሚያሳዝን ነው። ከሆስፒታሉ ገንዘብ ብዙው፣ ከቦርዱ አባላት አንዳንዶቹ በኃላፊነት በሚሠሩባቸው ባንኮች ውስጥ፣ ወለድ በማያስገኝ ተንቀሳቃሽ ሂሳብና አነስተኛ ወለድ በሚከፈልበት ሂሳብ ተቀምጦ ተገኘ። ዳኛ ጌርሃርድ ጌዝል በ1974 እ.ኤ.አ. በሰጡት ፍርድ አባላቱ ተማክረው ሆስፒታሉን ለመጉዳት አድመዋል የሚለውን ክስ አልተቀበሉም። ሆኖም የአደራ ግዴታቸውን አልተወጡም ሲሉ ወሰኑ። በፍርዱ ውስጥ ሦስት ጥፋቶች ተለይተው ይታያሉ፤ እነዚህም መጥፎ አስተዳደር፣ አለማስተዳደርና ከራስ ጥቅም ጋር መዋዋል ናቸው። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው በተለይ ሁለተኛው ነው። ገንዘብ የሰረቀ ሰው ሳይኖር፣ ማንም ክፉ ሳያስብ፣ ዝም ብሎ ባለማየት ብቻ አደራ ሊፈርስ እንደሚችል አንድ ፍርድ ቤት በይፋ ተናገረ። በነፃ ማገልገል ከተጠያቂነት ነፃ አያደርግም ማለት ነው።

ዳኛው አባላቱን ካሳ አላስከፈሉም፤ ከቦታቸውም አላነሡም። ያዘዙት ነገር ቢኖር ጥቅም ያላቸው ከየትኛው ባንክና ድርጅት ጋር እንደ ሆነ በግልጽ እንዲያስታውቁ፣ ፍርዱንም እንዲያነቡ ነው። ቅጣቱ ማንበብ ነበር ብንል አንሳሳትም።

በአገራችንስ ሕግ?

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 483 ጀምሮ ንብረትን ለዘለቄታው ለበጎ ዓላማ ስለ መመደብ ይደነግጋል። በ2001 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በብዙዎች ዘንድ የሚታወሰው ከውጭ በሚገኝ ገንዘብ ላይ ባደረገው ገደብ ነው። እርሱን የተካው የ2011 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1113 ይህን ገደብ አንሥቶ «በቦርድ የሚመራ ድርጅት» የሚባለውን አደረጃጀት ዕውቅና ሰጥቷል። በእንዲህ ያለው ድርጅት የመጨረሻው ባለ ሥልጣን አካል ቦርዱ ራሱ ነው። በዕድር ዳኛው ቢያጠፋ ጠቅላላ ጉባኤ አለ፤ እዚህ ግን ከቦርዱ በላይ የሚሰበሰብ ጉባኤ የለም። አባላቱ ይህን ሳያውቁ «እኛ አማካሪዎች ነን» እያሉ ሲናገሩ እንሰማለን። አማካሪ ምክር ሰጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የቦርድ አባል ግን የወሰነውንም ያልወሰነውንም ተሸክሞ ይሄዳል።

ይኸው አዋጅ ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህ ተገቢ ነው፤ ግን አንዳንድ ቦርዶች ከዚህ አልፈው «እኛ ለአስተዳደር አንዲት ሳንቲም አናወጣም» ብለው ሲኮሩ እናያለን። ይህን ኩራት አንጋራውም። የሂሳብ ሠራተኛ ያልቀጠረ፣ ደረሰኝ ያላሳተመ፣ ኦዲተር ያልጠራ ድርጅት ለድኻው የቆጠበለት ነገር የለም፤ የድኻውን ገንዘብ ያለ ጠባቂ ተወው እንጂ።

ማን ይቀመጥ?

በቦርድ ምርጫ ጊዜ የተለመደው ጥያቄ «የተከበረ ሰው ማን አለ?» የሚል ነው። ስለዚህ አንድ ሐኪም በአምስት ቦርድ፣ አንድ ነጋዴ በስድስት ቦርድ ስሙ ተጽፎ ይገኛል፤ በአንዱም አይገኝም። ክብር ለድርጅቱ መልካም ስም ሊያመጣ ይችላል፤ ምልዓተ ጉባኤ ግን አያሟላም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ የምናገኘው ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ብርሃን ይሰጣል። የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ወገን መበለቶች በዕለታዊው እርዳታ ቸል ተብለዋል የሚል ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት ማጉረምረሙን አልገሠጹም፤ ጉባኤው ራሱ ሰባት ሰዎችን እንዲመርጥ አደረጉ። የሰባቱን ስም ስናነብ ሁሉም የግሪክ ስም ሆኖ እናገኘዋለን፤ አንደኛው ኒቆላዎስ እንዲያውም ወደ አይሁድ ሃይማኖት የገባ የአንጾኪያ ሰው ነበር። ስለዚህ የተመረጡት ከተበደለው ወገን ሳይሆኑ አይቀርም ይላሉ ሊቃውንት። የእርዳታው ማዕድ ያልደረሰው ሰው በማዕዱ ላይ እንዲሾም ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ አረጋውያንን በሚረዳ ፋውንዴሽን ቦርድ ውስጥ አንዲት አረጋዊት መበለት፣ የዓይነ ስውራንን ትምህርት በሚደግፍ ድርጅት ውስጥ አንድ ዓይነ ስውር መምህር ቢቀመጡ ያልተለመደ ነገር አይሆንም። ከመልካም ሐኪም ይልቅ መድኃኒት ቤቱ መቼ እንደሚዘጋ የምታውቅ እናት የምትጠቅምበት ስብሰባ አለ።

ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድኾች የተሰበሰበውን ገንዘብ ለብቻው አልያዘም። አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮ እንዲጓዝ አደረገ፤ ምክንያቱንም በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ሲገልጥ ማንም እንዳይነቅፋቸው መጠንቀቃቸውን ይናገራል። እርሱ ጳውሎስ ሆኖ ሳለ ብቻዬን ብይዘው ማን ይጠረጥረኛል አላለም።

ካህናትን የሚመለከት አንድ ነገር ደግሞ አለ። በብዙ ቦታ የአካባቢው ካህን የቦርዱ ሰብሳቢ እንዲሆን ይለመናል፤ እኛም የጥሪውን ቅንነት አንክድም። ነገር ግን ካህኑ አሳቡን አስቀድሞ ከተናገረ ምእመኑ «አባ ካሉ» ብሎ ዝም ይላል፤ ውይይቱም በዚያው ያበቃል። ካህን በቦርድ ውስጥ ቢያገለግል መልካም ነው፤ ቢቻል ሰብሳቢነቱን ለሌላ ትቶ በመጨረሻ ቢናገር የበለጠ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ይሉኝታ የሚያስከፍለው ዋጋ

ከሁሉ ይልቅ ቦርዶቻችንን የሚጎዳው ስርቆት ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሪፖርት ያቀርባል፤ አንድ አባል ከቁጥሩ አንዱ አልገባውም። ቢጠይቅ የጠረጠረ እንዳይመስል ይፈራል፤ ሥራ አስኪያጁ የክርስትና ልጁ ነው፤ ወይም ባለፈው ዓመት ለቅሶ ደርሶለታል። ስለዚህ ዝም ይላል። ሌሎቹም ስለ ራሳቸው ምክንያት ዝም ይላሉ፤ ቃለ ጉባኤውም «ሪፖርቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ይላል። ማንም አልዋሸም፤ ግን በክፍሉ ውስጥ እውነቱን የተናገረ ሰው አልነበረም።

ይሉኝታን በተግሣጽ ማስወገድ አይቻልም፤ የባሕርያችን መልካም ክፍል ጭምር ነውና። የሚቻለው ጥያቄውን ከሰውየው ላይ አንሥቶ በደንብ ላይ መጫን ነው። ለምሳሌ በእያንዳንዱ ስብሰባ አንድ አባል በተራ ይመደብ፤ የእርሱ ሥራ ከወጪ ደረሰኞች ውስጥ አሥሩን አውጥቶ ማየትና የባንኩን መግለጫ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር ይሁን። እንዲህ ሲሆን የሚጠይቀው ሰው ስለ ጠረጠረ ሳይሆን ተራው ስለ ደረሰ ይጠይቃል። ሥራ አስኪያጁም አይከፋም፤ ቅን ሠራተኛ ከሆነ እንዲያውም የሚጠብቀው አጥር ተሠራለት።

የዘመድ ጉዳይም እንዲሁ ነው። እንበልና ፋውንዴሽኑ ለ30 ተማሪዎች የትምህርት ወጪ ለመሸፈን አቅዶ 90 ማመልከቻዎች ቀረቡለት፤ ከአመልካቾቹም አንዷ የአንድ ቦርድ አባል የእኅት ልጅ ናት። ልጅቱ በእውነት ችግረኛ ልትሆን ትችላለች፤ በዘመዷ ምክንያት ልትጎዳ አይገባም። አባሉ ግን ዝምድናውን ተናግሮ ከክፍሉ ይውጣ፤ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። «ተቀምጬ ነበር፣ ግን ምንም አልተናገርኩም» የሚለውን ምላሽ ደጋግመን ሰምተናል። በእንዲህ ያለ ስብሰባ መቀመጥ ራሱ ንግግር ነው፤ ማን አጎቷን ዓይን ዓይኑን እያየ «አይገባትም» ይላል?

ስልሳዎቹ ያልተመረጡት ተማሪዎችም መልስ ይገባቸዋል። እንቢታን መናገር ስለሚከብድ ብዙ ቦርዶች ዝምታን ይመርጣሉ። አንዲት እናት ሦስት ወር ሙሉ ከቢሮው ደጅ እየተመላለሰች «ነገ ነይ» ስትባል፣ ያላገኘችው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የእንጀራ ቀኗም አልፏል። በአሥረኛው ቀን በግልጽ «ዘንድሮ አልተቻለም» መባል ምጽዋት ባይሆንም ርኅራኄ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ከልክ በላይ የሚሠራ አባልም አለ። በየቀኑ ቢሮ ይመጣል፤ ሹፌሩን ይልካል፤ ጸሐፊዋን ያዛል፤ ዕቃ ግዢው ከየትኛው ሱቅ እንዲሆን ይወስናል። ትጋቱ የሚመሰገን ይመስላል። ነገር ግን የቦርዱ ሥልጣን ያለው አባላቱ በሥርዓት ተሰብስበው ሲወስኑ እንጂ እያንዳንዱ አባል በኪሱ ይዞት የሚዞረው አይደለም። ቦርዱ ካልፈቀደለት በቀር አንድ አባል ከስብሰባው ሲወጣ እንደ ማንኛውም ጎረቤት ነው።

ገንዘቡ ሲቀመጥ

ብዙ ፋውንዴሽኖች ዋናውን ገንዘብ ሳይነኩ በወለዱ ብቻ ለመርዳት ያስባሉ። አሳቡ የተከበረ ነው፤ ሂሳቡ ግን በየዓመቱ መታየት አለበት። ለምሳሌ 1,000,000 ብር በባንክ ተቀምጦ በዓመት 7 በመቶ ወለድ ቢያስገኝ፣ ቦርዱም 70,000 ብሩን ለችግረኞች ቢሰጥ፣ በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡ አሁንም 1,000,000 ይላል። በዚያው ዓመት የዕቃ ዋጋ በ15 በመቶ ከናረ ግን ያ ገንዘብ የሚገዛው፣ በዓመቱ መጀመሪያ 870,000 ብር ያህል ይገዛ የነበረውን ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ጥቂት ዓመታት ቢደጋገሙ ቁጥሩ ሳይነካ ሀብቱ ያልቃል። የሲብሊ ሆስፒታል ገንዘብም አልጠፋም ነበር፤ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር እንጂ። ስለዚህ ገንዘቡ በጊዜ ገደብ ይቀመጥ፣ ቤት ተሠርቶ ይከራይ፣ አክሲዮን ይገዛ፣ ወይስ ዛሬ ለሚራበው ይሰጥ የሚለው ለገንዘብ ያዡ ብቻ የሚተው ጥያቄ አይደለም። አንዱም መንገድ ከአደጋ ነፃ አይደለም፤ ቦርዱ የሚጠየቀው ተወያይቶ፣ ምክንያቱን ጽፎ መወሰኑን ነው።

ይህን ትምህርት በቁምስና ለማስጠናት የምትፈልጉ መምህራን፣ በአካባቢያችሁ ያለ የአንድ ፋውንዴሽን ወይም ዕድር መተዳደሪያ ደንብ በፈቃድ ተውሳችሁ ብታመጡ ውይይቱ ፍሬ ይኖረዋል። ተማሪዎቹ ራሳቸው ይፈልጉት፤ ምልዓተ ጉባኤ ስንት ነው? ቼክ የሚፈርሙት ስንት ሰዎች ናቸው? አንድ አባል ሦስት ጊዜ ቢቀር ምን ይሆናል? የአገልግሎት ዘመኑስ ስንት ዓመት ነው? በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ትንሽ ቆዩ። ብዙ ደንቦች አባል እንዴት እንደሚገባ በዝርዝር ይጽፋሉ፤ እንዴት እንደሚወጣ ግን ዝም ይላሉ፤ ስለዚህ መሥራቾቹ እስኪሸመግሉ ይቆያሉ፣ ወጣቶቹም ገና ልጆች ናቸው እየተባለ ፀጉራቸው ይሸብታል።

ርክክብ በምስክሮች ፊትና በጽሑፍ ቢሆን እንመክራለን። የሚወጣው ሰብሳቢ ማኅተሙን፣ ያልተጻፈባቸውን ቼኮች፣ የተቆረጡትንና ያልተቆረጡትን የደረሰኝ ጥራዞች፣ የቃለ ጉባኤ መዝገቡን፣ የመሬትና የቤት ሰነዶችን፣ የምዝገባ ምስክር ወረቀቱን እያስቆጠረ ያስረክብ፤ በባንክም የፈራሚዎች ስም በዚያው ሳምንት ይለወጥ። ከእነዚህ ጋር፣ በዓመቱ ውስጥ ቃል ተገብቶላቸው ገና ያላገኙ ሰዎች የስም ዝርዝር አብሮ ይሰጥ፤ አዲሱ ቦርድ በመጀመሪያው ስብሰባው የሚከፍተው እርሱን ይሁን።